የአባት አበልና የስኩታሪ ፍሳሽ ቦይ

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በተነሣች ቁጥር በብዙ ሰው ሐሳብ የምትታየው ሌሊት ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች መካከል የምትመላለሰው ሴት ናት። ይህ ሥዕል ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ሰዎችን ከታሪኩ ያስወጣል። አንደኛው ከሆስፒታሉ ሥር የተደፈነውን የፍሳሽ ቦይ ያስጠረገው መሐንዲስ ነው። ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር ቤቱ ተቀምጦ የልጁን ወሬ ከጋዜጣና ከደብዳቤ ይለቅም የነበረው አባቷ ነው። የሙያ ባልደረቦቼ ስለ መሐንዲሱ ለመስማት እንደሚቸኩሉ ባውቅም፣ እኔ ግን ከአባቲቱ እጀምራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ዊልያም ኤድዋርድ በ1794 ሲወለድ የቤተሰቡ ስም ሾር ነበር። በ1815 የእናቱን አጎት የፒተር ናይቲንጌልን ርስት ሲወርስ ከርስቱ ጋር ስሙንም ወረሰ። በ1818 ካገባ በኋላ ከሚስቱ ከፋኒ ጋር ወደ ኢጣልያ ተጓዘ። ከሁለቱ ሴቶች ልጆቹ የመጀመሪያይቱ በ1819 በናፖሊ፣ ሁለተኛይቱ በሜይ 12 ቀን 1820 በፍሎረንስ ተወለዱ፤ የሁለቱም ስም ከተወለዱባቸው ከተሞች የተወሰደ ነው። ለእንጀራ ብሎ መሥራት የማያስፈልገው፣ መጻሕፍትን የሚወድ፣ ጠብን የሚሸሽ ሰው ነበር። በ1830ዎቹ ለፓርላማ ተወዳድሮ እንደ ጊዜው ልማድ ድምፅ በገንዘብ ለመግዛት ባለመፍቀዱ ተሸነፈና ከፖለቲካ ራቀ። ከዚያም ጊዜውንና ዕውቀቱን በልጆቹ ላይ አዋለ። ግሪክኛና ላቲን፣ ታሪክና ፍልስፍና ራሱ አስተማራቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ትምህርት ለወንዶች ልጆች የሚሰጥ ነበር። ታላቂቱ ቶሎ ሰልችቷት ወደ እናቷ የእንግዳ ክፍል ስትመለስ፣ ታናሺቱ ከአባቷ ጋር በቤተ መጻሕፍቱ ቀረች።

አባት ያልገመተው ነገር ቢኖር ይህ ትምህርት ወደ የት እንደሚያመራ ነው። ፍሎረንስ በ1845 በሶልዝበሪ ሆስፒታል ገብታ የሕሙማን አያያዝ ለመማር ጠየቀች፤ ቤተሰቡ ከለከለ። ክልከላውን የዘመናችን አንባቢ በችኮላ ሊፈርድበት አይገባም። የዚያን ጊዜ ሆስፒታል ድሀ የሚሞትበት ሥፍራ ነበር። በዚያ የሚያገለግሉ ሴቶችም በስካርና በመጥፎ ጠባይ ይታሙ ነበር። ጥሩ ቤት ያለው ሰው ሐኪም ቤቱ አስጠርቶ ይታከማል እንጂ ወደዚያ አይሄድም። የእናቲቱ ተቃውሞ ግልጽና ጩኸት ያለበት ሲሆን፣ የአባቲቱ ግን የዝምታ ተቃውሞ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ የሚጎዳው የሱ ነበር፤ አስተምሮ ዝም ማለት ከልክሎ ከመጮህ ይከፋልና። ልጂቱ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠበቀች። በመካከሉም በ1851 በራይን ወንዝ ዳር ባለችው በካይዘርስቬርት፣ በፕሮቴስታንት ደናቁናት ተቋም ለሦስት ወር ያህል ተማረች።

ዝምታው የተሰበረው በ1853 ነው። ፍሎረንስ በለንደን ለታመሙ ወይዛዝርት የተቋቋመ አነስተኛ ሆስፒታል እንድታስተዳድር ስትጠየቅ፣ እናትና እኅት ቤቱን በለቅሶ ሲሞሉት፣ አባት በዓመት 500 ፓውንድ አበል ቆረጠላት። የገንዘቡን መጠን ለመረዳት ከአንድ ዓመት በኋላ ከእሷ ጋር የዘመቱት አስታማሚዎች በሳምንት ከ12 እስከ 14 ሽልንግ ይከፈላቸው እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል፤ ሲሰላ አበሉ ከአንዲት አስታማሚ የዓመት ደመወዝ ከ13 ዕጥፍ በላይ ይሆናል። ደመወዝ የማትቀበል ሥራ አስኪያጅ ማንም በቀላሉ ሊያዝዛት አይችልም። አባቲቱ «ይሁን» ብሎ በቃል አልባረካትም ይሆናል፤ ግን መውጫ በር ከፈተላት። ሴት ልጅ ያለው አንባቢ፣ ይህን የሚጽፈውም ጭምር፣ የትኛው እንደሚከብድ ያውቃል።

ጦርነቱ የመጣው በዓመቱ ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው በክሪሚያ ሩስያን ሲወጉ፣ የታይምስ ጋዜጣ ቁስለኞች ያለ ፋሻና ያለ አስታማሚ መውደቃቸውን አወራ። በጦር ሚኒስቴር የነበረው ሲድኒ ኸርበርት የቤተሰቡ ወዳጅ ነበርና ፍሎረንስን ጠየቃት። በኦክቶበር 21 ቀን 1854 ከ38 ሴቶች ጋር ለንደንን ለቃ፣ በኖቬምበር 4 ቀን ከቁስጥንጥንያ ማዶ ከምትገኘው ከስኩታሪ ደረሰች። በማግሥቱ የኢንከርማን ጦርነት ተደረገ። ለአንድ ታናሽ ሆስፒታል ያለቀሱት እናትና እኅት አሁን ኮሩ፤ አገር ያጨበጨበለትን ነገር መቀበል ይቀላል።

አባት በዚያ ክረምት ምን ይፈራ ነበር? መድፉን፣ ባሕሩን፣ የሩቁን አገር ቢፈራ ማንም አይፈርድበትም። አደጋው ግን በነዚህ ውስጥ አልነበረም፤ ልጁ ከምትመላለስበት ወለል ሥር ነበር። ሆስፒታል የተደረገው ግዙፍ የቱርክ ጦር ሰፈር አራት ማዕዘን ሕንፃ ነው። የተሠራው ለጤነኛ ወታደር ማደሪያ እንጂ በሺህ ለሚቆጠር ተቅማጥ ለያዘው ሕመምተኛ አልነበረም። ከሥሩ የሚያልፉት የፍሳሽ ቦዮች ተደፍነው ነበር። ነፋስ ሲነሣ የቦዩ አየር በመጸዳጃ ቤቶቹ ቧንቧ ወደ ላይ እየወጣ ሕሙማን በተደረደሩባቸው መተላለፊያዎች ይነፍስ ነበር። ውሃውን በሚያመጣው መስመር ውስጥም የሞተ ፈረስ ተገኘ። ፍሎረንስ ምግቡን አሻሻለች፤ አልባሳቱን አሳጠበች፤ የፈረሱ ክፍሎችን አሳደሰች። ሆኖም ሞቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። በፌብሩዋሪ 1855 ከፍተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ከታከሙት ከመቶው 42 ያህሉ እንደሞቱ ይነገራል።

በማርች ወር መጀመሪያ የንጽሕና ኮሚሽን የተባለው ቡድን ከለንደን ደረሰ። አባላቱ ሐኪሞቹ ጆን ሰዘርላንድና ሄክተር ጋቪን፣ እንዲሁም ሲቪል መሐንዲሱ ሮበርት ሮሊንሰን ነበሩ። ያደረጉትን ለመሐንዲስ ማስረዳት አያሻም፦ ቦዮቹን አስጠረጉ፣ በውሃ አሳጠቡ፣ የውሃውን መስመር አጸዱ፣ አየር ማስወጫ ከፈቱ፣ ግድግዳውን በኖራ አስቀቡ። በጥቂት ወራት ውስጥ 42 የነበረው ከመቶ ወደ 2 ገደማ ወረደ። የሚያስገርመው፣ ከኮሚሽኑ ጋር ያን ጊዜ የተስማማው ሐሳብ በሽታን የሚያመጣው መጥፎ ሽታ ነው የሚል ነበር፤ ተሕዋስያን በሽታ እንደሚያመጡ ገና በሰፊው የታወቀ አልነበረም። ንድፈ ሐሳቡ ስሕተት፣ ቦዩ ግን ትክክል ነበር።

ለዚህ መጽሔት አንባቢ አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልችልም። በዚያው በ1855 ኢሳምባርድ ኪንግደም ብሩኔል በዳርዳኔልስ ዳር ለምትገኘው ለረንኪዮይ ከእንጨት የተሠራ፣ በክፍል በክፍል ተፈታትቶ በመርከብ የሚጫን ሆስፒታል ነደፈ። እያንዳንዱ ቤት ለ50 ሕሙማን የሚሆን፣ የራሱ መጸዳጃና አየር ማስገቢያ ያለው ነበር። በዚያ ከታከሙት 1,300 ያህል ወታደሮች የሞቱት 50 ገደማ ብቻ ናቸው።

ወደ አባቲቱ ልመለስ። በሜይ 1855 ፍሎረንስ የጦር ግንባሩን ሆስፒታሎች ለማየት ወደ ባላክላቫ ተሻገረችና «የክሪሚያ ትኩሳት» በተባለው በሽታ ወደቀች፤ ለብዙ ቀናትም ከሞት አፋፍ ላይ ነበረች። ልክ በአንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በኤፕሪል፣ ከቫርና እስከ ባላክላቫ በባሕር ሥር የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘርግቶ ነበር። ቀድሞ በሳምንታት ይደርስ የነበረ ወሬ አሁን በሰዓታት ለንደን ይገባል። ይህ ሽቦ ለጦር አዛዦች ያደረገው ጥቅም ተጽፏል። ለወላጅ ያደረገው ግን ጥቅም ነው ለማለት ያዳግታል፤ ደብዳቤ ሲደርስ ልጅ ወይ ድናለች ወይ ተቀብራለች፤ ቴሌግራፍ ግን ወላጅን ከሕመምተኛዋ አልጋ አጠገብ አስቀምጦ እጁን ያስረዋል። እሷም ድና እንድትመለስ ብትለመን እምቢ አለች። በሴፕቴምበር የአባቷ እኅት አክስቷ ሜይ አብራት ለመሆን ወደ ስኩታሪ ሄደች።

በኦገስት 1856 ፍሎረንስ የመንግሥትን አቀባበል ሸሽታ፣ ማንም ሳያውቅ በባቡር መጥታ፣ ከጣቢያው በእግሯ ወደ ሊ ኸርስት ወደ ቤተሰቧ ገባች። አካሏ ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ከዊልያም ፋር ጋር የሞቱን መዝገብ ስትመረምር፣ ብዙዎቹን የገደለው ረሃብና ድካም ብቻ ሳይሆን ከሁሉ በላይ የሕንፃው ሁኔታ መሆኑን ተረዳች። በዚያ ጦርነት ከሞቱት ከ20,000 በላይ እንግሊዛውያን 16,000 ያህሉን የጨረሰው በሽታ ነበር። በ1858 ያሳተመችው በቀለም የተከፋፈለ ክብ ሥዕል ይህንኑ ለሚኒስትሮች በአንድ እይታ የሚያሳይ ነው። በዚያው ጊዜ የለንደን ስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያይቱ ሴት አባል ሆነች። አባቷ በቤተ መጻሕፍቱ ያስጀመራት ልማድ ማለትም ማስረጃን ሳይሰለቹ መመርመር በዚህ ሥራ ላይ ዋለ።

ዊልያም ኤድዋርድ በጃንዋሪ 1874 ኤምብሊ በተባለው ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ወንድ ልጅ ስላልነበረው የፒተር ናይቲንጌል ኑዛዜ በሚያዝዘው መሠረት ሁለቱም ቤቶችና መሬቱ ለእኅቱ ለሜይ፣ በ1855 ስኩታሪ ወርዳ ልጁን ላስታመመችው ለዚያችው እኅቱ ተላለፈ። ፍሎረንስ ያረጀችውን እናቷን ይዛ ቀረች፤ እናቲቱም በ1880 እስክትሞት ድረስ ይህ ሸክም በአብዛኛው በሕመምተኛይቱ ልጅ ላይ ነበር።