በቤት ግንባታ ኢንዱስትሪ ለባለሀብቶች የሚያሰጉ የአካባቢ፣ የማኅበራዊና የአስተዳደር ጉዳዮች

የአካባቢ፣ የማኅበራዊና የአስተዳደር ስጋቶች፣ በእንግሊዝኛ ምህጻራቸው ኢ.ኤስ.ጂ.፣ በአንድ ኩባንያ የሂሳብ መዝገብ ላይ ወዲያው የማይታዩ፣ ነገር ግን ውሎ አድሮ ትርፉን፣ ዕዳውን ወይም ህልውናውን ሊነኩ የሚችሉ ጉዳዮች ናቸው። በቤት ግንባታ ኢንዱስትሪ እነዚህ ስጋቶች የተለየ ጠባይ አላቸው። ገንቢው ቤቱን ሸጦ ትርፉን በአንድ ዓመት ውስጥ ይመዘግባል፤ ቤቱ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ይቆማል። በዚህ መካከል የሚገኝ ጉድለት፣ የሚለወጥ ሕግ ወይም የሚጋለጥ በደል ወጪውን ወደ ገንቢው፣ በእርሱም በኩል ወደ ባለአክሲዮኖችና አበዳሪዎች ሊመልሰው ይችላል።

ይህ መጣጥፍ ጉዳዩን በዋናነት በብሪታንያ ገበያ ምሳሌነት ያብራራል፤ ሦስቱም ዓይነት ስጋቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከታትለው የታዩት በዚያ ነውና። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

ኢ.ኤስ.ጂ. የሚለው ስያሜ የተስፋፋው በ2004 የተባበሩት መንግሥታት ግሎባል ኮምፓክት ከትልልቅ የገንዘብ ተቋማት ጋር ካወጣው ሪፖርት በኋላ ነው። በ2006 ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ የኃላፊነት ኢንቨስትመንት መርሆዎች ይፋ ሆኑ። የሐሳቡ መነሻ በጎ አድራጎት ብቻ አልነበረም። እንደ ጡረታ ፈንድ ያለ ለረጅም ዘመን ገንዘብ የሚያስቀምጥ ባለሀብት፣ ከዛሬው ትርፍ በስተጀርባ የተደበቀውን የነገ ወጪ ማየት ይኖርበታል የሚል ነበር።

የቤት ግንባታ ለምን የተለየ ነው?

ቤት ገንቢ ኩባንያ በአጭሩ ሦስት ሥራ ይሠራል፦ መሬት ይገዛል፣ ፈቃድ ያወጣል፣ ገንብቶ ይሸጣል። በመሬት ግዥና በሽያጭ መካከል ብዙ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። መሬቱ የተገዛው ዛሬ ባለው ሕግ መሠረት በተሰላ ዋጋ ስለሆነ፣ በመካከሉ ሕጉ ከጠበቀ የትርፍ ስሌቱ ይዛባል።

ሁለተኛው ምክንያት ብዛት ነው። አንድ ኩባንያ ተመሳሳይ ንድፍና ተመሳሳይ አሠራር በሺዎች በሚቆጠሩ ቤቶች ላይ ስለሚጠቀም፣ አንድ ስህተት አብሮ ይባዛል። ለምሳሌ በዓመት 10,000 ቤት የሚሸጥና ከእያንዳንዱ 40,000 ፓውንድ የሚያተርፍ ኩባንያ ቢኖር፣ የዓመቱ ትርፍ 400 ሚሊዮን ፓውንድ ይሆናል። በአሥር ዓመት ውስጥ በሠራቸው 100,000 ቤቶች ላይ እያንዳንዳቸው 5,000 ፓውንድ የሚያስወጣ ጉድለት ቢገኝ፣ የጥገናው ወጪ 500 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። በአንድ ቤት ላይ ትንሽ የሚመስለው ገንዘብ ከአንድ ዓመት ሙሉ ትርፍ በለጠ ማለት ነው።

የአካባቢ ስጋቶች

ካርቦን። ሲሚንቶ ማምረት ብቻውን ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል። በዚህ ላይ ቤቱ ከተሠራ በኋላ ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ የሚፈጀው ኃይል ይታከላል። የብሪታንያ መንግሥት ከ2016 ጀምሮ አዳዲስ ቤቶች ሁሉ የተጣራ ልቀታቸው ዜሮ እንዲሆን አቅዶ ነበር፤ ዕቅዱ ግን በ2015 ተሰረዘ። በኋላ በእንግሊዝ በ2022 በሥራ ላይ የዋለው የግንባታ ደንብ ልቀት በ31 በመቶ ገደማ እንዲቀንስ አስገደደ። ቀጥሎ የታቀደው የወደፊት ቤቶች ደረጃ በ2013 ደንብ ከተሠራ ቤት ጋር ሲነጻጸር ልቀቱን ከ75 እስከ 80 በመቶ ለመቀነስ ያለመ ነው። ይህ ወደፊትና ወደኋላ የሚል መንገድ ራሱ ስጋት ነው። ቀድሞ የተዘጋጀ ኩባንያ ወጪውን ለብቻው ሲሸከም፣ ያልተዘጋጀው ደግሞ ሕጉ ሲመለስ ይደናገጣል።

ጎርፍ። በብሪታንያ በ2016 የተቋቋመው ፍለድ ሪ የተባለው የመድን ሥርዓት ለጎርፍ የተጋለጡ ቤቶች በተመጣጣኝ ዋጋ መድን እንዲያገኙ ይረዳል። ከጥር 1 ቀን 2009 በኋላ የተሠሩ ቤቶችን ግን አይሸፍንም። ዓላማው ገንቢዎች በጎርፍ ሜዳ ላይ እንዳይሠሩ ማበረታታት ነበር። ውጤቱ ግን አዲስ ቤት በጎርፍ መሬት ላይ የገዛ ሰው ያለዚህ ከለላ መቅረቱ ነው። መድን የማያገኝ ቤት የባንክ ብድር ለማግኘት ይቸገራል፤ ብድር የማያገኝ ቤት ደግሞ ገዢው ይቀንሳል።

ውኃና ብዝኃ ሕይወት። ከአዳዲስ ቤቶች የሚወጣ ፍሳሽ የሚሸከመው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ወንዞችንና የባሕር ዳርቻዎችን ይበክላል። በ2018 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በኔዘርላንድስ ጉዳይ ላይ የሰጠውን ውሳኔ ተከትሎ የእንግሊዝ የተፈጥሮ ጥበቃ አማካሪ ተቋም ምክሩን አጠበቀ። በ2022 ምክሩ የሚመለከታቸው የአካባቢ አስተዳደሮች ቁጥር 74 ደረሰ። በእነዚህ ቦታዎች ገንቢዎች ብክለት እንደማይጨምሩ እስኪያሳዩ ድረስ ፈቃድ ዘገየባቸው። በ2023 መንግሥት ደንቡን ለማንሳት ያቀረበው ማሻሻያ በጌቶች ምክር ቤት ውድቅ ሆነ። ከየካቲት 2024 ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝ ትልልቅ ፕሮጀክቶች የአካባቢውን ብዝኃ ሕይወት ቢያንስ በ10 በመቶ አሻሽለው ለ30 ዓመታት እንዲጠብቁ ተገደዱ።

የማኅበራዊ ስጋቶች

የእሳት ደህንነት። ሰኔ 14 ቀን 2017 በምዕራብ ለንደን የሚገኘው ባለ 24 ፎቁ የግሬንፌል ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆችም ነበሩ። እሳቱ በፍጥነት የተዛመተው በእድሳት ጊዜ በውጭ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው፣ ውስጡ ፖሊኢትሊን ፕላስቲክ በሆነ የአሉሚኒየም ልባስ ነው። በመስከረም 2024 የወጣው የአጣሪው የመጨረሻ ሪፖርት ሞቶቹ በሙሉ ሊወገዱ ይችሉ እንደነበር ገልጾ፣ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀውን የመንግሥት ቸልተኝነትና የቁሳቁስ አምራቾችን ሐቀኝነት ማጣት ኮነነ።

ግሬንፌል የአካባቢው አስተዳደር ንብረት እንጂ ለሽያጭ የተሠራ ሕንፃ አልነበረም። ሆኖም አደጋው በሌሎች ሕንፃዎች ላይ የተደበቀውን ጉድለት አጋለጠ። ባንኮች የውጭ ግድግዳው ደህንነት ያልተረጋገጠለትን አፓርታማ በዋስትና ለመያዝ አመነቱ፤ ብዙ ባለቤቶችም መሸጥ በማይችሉት ቤት ውስጥ ቀሩ። መጀመሪያ ላይ የጥገናው ወጪ በእነርሱ ላይ ሊወድቅ ነበር።

በ2022 የወጣው የሕንፃ ደህንነት ሕግ ይህን ቀየረ። ቀድሞ ለመኖሪያነት ብቁ ባልሆነ ቤት ምክንያት ገንቢን ለመክሰስ የነበረው ስድስት ዓመት፣ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ለተጠናቀቁ ሥራዎች ወደ 30 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ለሚጠናቀቁት ደግሞ ወደ 15 ዓመት ተራዘመ። ገንቢዎች ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የተለየ ኩባንያ አቋቁመው ሥራው ሲያልቅ ማፍረሳቸውም ማምለጫ መሆኑ ቀረ፤ ፍርድ ቤት ዕዳውን ወደ እህት ኩባንያዎች ማዛወር ይችላል። ከ2022 ጀምሮ በዓመት ከ25 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሆነ የአልሚዎች ትርፍ ላይ የ4 በመቶ ተጨማሪ ግብር ተጣለ። በ2023 ደግሞ ትልልቆቹ ገንቢዎች ከ11 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን የራሳቸውን ሕንፃዎች በራሳቸው ወጪ ለመጠገን ከመንግሥት ጋር ተዋዋሉ፤ ያልፈረመ ከገበያ እንደሚታገድ ተነግሮ ነበር። ፐርሲሞን የተባለው ኩባንያ ብቻ ለዚህ ሥራ 350 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ መጠባበቂያ ይዞ ነበር።

የኪራይ ውል። አንዳንድ ገንቢዎች ቤት ሲሸጡ መሬቱን ለራሳቸው አስቀርተው ከገዢው ዓመታዊ የመሬት ኪራይ ይሰበስቡ ነበር። በአንዳንድ ውሎች ኪራዩ በየአሥር ዓመቱ እጥፍ ይሆናል። በ250 ፓውንድ የጀመረ ኪራይ በ50 ዓመት 8,000 ፓውንድ ይደርሳል። እንዲህ ያለው ውል ያለበት ቤት ለመሸጥም ሆነ በዋስትና ለማስያዝ አስቸጋሪ ሆነ። ቴይለር ዊምፒ በ2017 ለገዢዎቹ ውሉን ለማስለወጥ 130 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። ከሰኔ 30 ቀን 2022 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ በአብዛኞቹ አዳዲስ የረጅም ጊዜ ውሎች ላይ የመሬት ኪራይ ማስከፈል ተከልክሏል።

ሠራተኞች። ግንባታ ለሞትና ለጉዳት ከተጋለጡ ሥራዎች አንዱ ነው። ሥራው በንዑስ ተቋራጮች ሰንሰለት ስለሚሠራ፣ በላይ ያለው ኩባንያ ከታች ያለውን የጉልበት ብዝበዛ ላያየው ይችላል። የ2015ቱ የብሪታንያ የዘመናዊ ባርነት ሕግ ዓመታዊ ሽያጫቸው 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆኑ ኩባንያዎች በየዓመቱ መግለጫ እንዲያወጡ ያዛል።

የአስተዳደር ስጋቶች

የኃላፊዎች ክፍያ። ፐርሲሞን በ2012 ለኃላፊዎቹ ያጸደቀው የቦነስ ዕቅድ ለባለአክሲዮኖች በሚመለስ ጥሬ ገንዘብ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ጣሪያ አልነበረውም። በ2013 መንግሥት አዲስ ቤት ለሚገዙ ሰዎች የሚያበድርበትን ሄልፕ ቱ ባይ የተባለውን መርሐ ግብር ሲጀምር፣ ሽያጭና የአክሲዮን ዋጋ አብረው አደጉ። የዋና ሥራ አስፈፃሚው የጄፍ ፌርበርን ክፍያ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ አለፈ። ቁጣው ሲበረታ ወደ 75 ሚሊዮን ገደማ ተቀነሰ፤ የቦርዱ ሊቀ መንበር በ2017፣ ፌርበርንም በ2018 ለቀቁ።

የጉዳዩ ሌላ ገጽ የታየው በታኅሣሥ 2019 ነው። ኩባንያው ራሱ ያዘዘው ገለልተኛ ምርመራ፣ በግድግዳ ክፍተት ውስጥ እሳትና ጭስ እንዳይዛመት የሚያግደው መከላከያ በብዙ ቤቶች ላይ እንደጎደለ ወይም በትክክል እንዳልተገጠመ፣ ችግሩም አገር አቀፍ እንደሆነ አረጋገጠ። ኩባንያው ራሱን ይመለከት የነበረው እንደ ቤት ገንቢ ሳይሆን እንደ ቤት ሻጭ መሆኑንም ጠቆመ። ቦነሱ የለካው የተመለሰውን ገንዘብ ነው፤ የግድግዳውን ጥራት የለካ አልነበረም።

ውድድር። በየካቲት 2024 የብሪታንያ የውድድርና ገበያዎች ባለሥልጣን ስምንት ትልልቅ ገንቢዎች ዋጋን የሚመለከት መረጃ ተለዋውጠው እንደሆነ መመርመር ጀመረ። በ2025 ኩባንያዎቹ ጥፋት ሳያምኑ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ለተመጣጣኝ ዋጋ ቤቶች ለመክፈል ቃል ገቡ። ባለሥልጣኑም ሕግ ተጥሷል የሚል ውሳኔ አልሰጠም።

ዕዳና የሂሳብ እውነተኛነት። የአስተዳደር ጉድለት ኩባንያን እስከ መጣል እንደሚደርስ የቻይናው ኤቨርግራንድ ያሳያል። ኩባንያው ያልተሠሩ ቤቶችን አስቀድሞ እየሸጠና እየተበደረ አደገ፤ ዕዳውም ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። መንግሥት በ2020 የአልሚዎችን ብድር ሲገድብ ኩባንያው ተንገዳገደ፤ በ2021 መክፈል አቃተው፤ በጥር 2024 የሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤት እንዲፈርስ አዘዘ። በዚያው ዓመት የቻይና ተቆጣጣሪ ዋናው ቅርንጫፉ የ2019 እና የ2020 ገቢውን በድምሩ በ564 ቢሊዮን ዩዋን አጋንኖ እንደነበር አስታወቀ። በ2022 ቤታቸው ሳይጠናቀቅ የቀረባቸው ብዙ ቻይናውያን የባንክ ብድራቸውን መክፈል አቁመዋል።

ምዘናና ውስንነቱ

ባለሀብቶች እነዚህን ስጋቶች ለመመዘን ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ ኤስ.ኤ.ኤስ.ቢ. የተባለው መስፈርት ነው። መስፈርቱ ለቤት ገንቢዎች የራሱ ርዕሶች አሉት፦ የመሬት አጠቃቀምና ሥነ ምህዳር፣ የሠራተኞች ጤናና ደህንነት፣ ሀብት ቆጣቢ ንድፍ፣ አዲስ ሰፈር በማኅበረሰቡ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ እና ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር መላመድ። በ2023 ደግሞ ዓለም አቀፉ የዘላቂነት መስፈርቶች ቦርድ ሁለት አጠቃላይ መስፈርቶችን አወጣ።

ሆኖም ከላይ የታየው የብሪታንያ ታሪክ የዝርዝሮችን ወሰን ያሳያል። በገንቢዎች ላይ ትልቁን ወጪ ያስከተሉት የግድግዳ ልባስና የመሬት ኪራይ በአምስቱ ርዕሶች ውስጥ በስም የሉም። ደረጃ ሰጪ ድርጅቶችም እርስ በርስ አይስማሙም። በርግ፣ ኮልበልና ሪጎቦን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2022 ባሳተሙት ጥናት፣ ስድስት ደረጃ ሰጪዎች ለተመሳሳይ ኩባንያዎች በሰጡት ነጥብ መካከል ያለው አማካይ ተዛምዶ 0.54 ብቻ ሆኖ አግኝተውታል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሀብት ከነጥቡ ባሻገር የመጠባበቂያውን መጠን፣ የቅሬታዎችን ብዛት፣ የመሬት ክምችቱን አቀማመጥና ቦነስ በምን እንደሚሰላ ይመረምራል።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነት

በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ የከተማ ቦታ የሚያዘው በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ መሠረት ነው። በአዲስ አበባ ብዙ የሪል እስቴት ቤቶች ገና ሳይሠሩ በቅድሚያ ክፍያ ይሸጣሉ፤ ከገዢዎቹም ብዙዎቹ በውጭ አገር የሚኖሩ ናቸው። በዚህ አሠራር ለግንባታው ገንዘብ የሚያቀርበው በከፊል ገዢው ራሱ ነው፤ የመዘግየት፣ የጥራትና የአስተዳደር ስጋቱንም እንደ ባለሀብት ይሸከማል። ልዩነቱ፣ አንድ ፈንድ ገንዘቡን በብዙ ኩባንያዎች ሲበትን፣ ገዢው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን በአንድ ቤት ላይ ማዋሉ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የሪል እስቴት ልማትን የሚመለከት ራሱን የቻለ አዋጅ ጸድቋል። በዚያው ዓመት በጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል። ቤት ገንቢዎች ወደፊት አክሲዮናቸውን ለሕዝብ ቢያቀርቡ፣ ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት ጥያቄዎች ለኢትዮጵያውያን ባለአክሲዮኖችም የሚነሱ ይሆናሉ።