አንድ ካሜራ ለመንገደኛ፤ ከመቅደላ ድንኳን እስከ ፍራንክፈርት

ፎቶግራፍ አንሺ መንገደኛ አንድ ካሜራና አንድ ሌንስ ብቻ ይዞ መውጣት የቻለው ፎቶግራፍ በፓሪስ በይፋ ከተነገረበት ከ1839 ወዲህ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያን የመሰለው ካሜራ የተሠራው ከፍራንክፈርት በስተሰሜን በምትገኘው በቬትስላር ነው፤ ዝናው የገነነው ደግሞ በፍራንክፈርት። የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ምን መያዝ ሳይሆን ምን መተው እንደሚገባ መወሰን ነው።

ከዚያ በፊት ከፍራንክፈርት ወደ ኢትዮጵያ የሄደ መንገደኛ ያየውን ለሌላው የሚያሳየው በእጅ ሥዕል ነበር። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ከ1831 ጀምሮ በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን አይቷል፤ ጭላዳንና ዋልያን ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። የጉዞ መጽሐፉ የመጀመሪያ ቅጽ በ1838፣ ሁለተኛው በ1840 ፍራንክፈርት ላይ ታተመ። ፎቶግራፍ የተወለደው በሁለቱ ቅጾች መካከል ነበር።

ግን ፎቶግራፍ ሲመጣ የመንገደኛውን ሸክም አበዛው እንጂ አላቀለለውም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር አጼ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። የዘመኑ ዘዴ መስታወቱን በኮሎዲዮን ቀብቶ፣ እርጥብ እያለ ማንሳትና ሳይደርቅ በመድኃኒት ማጠብ ነበር። የጨለማው ክፍል የግድ አብሮ ይጓዛል፤ ማለትም ድንኳኑ፣ ጠርሙሱ፣ ውኃው፣ የመስታወት ሣጥኑና ሦስት እግር መቆሚያው። ያን ሁሉ ገደል ለገደል ማጓጓዝ ፎቶ ከማንሳቱ ይልቅ የከበደ ሥራ ነበር። በ1906 በኤኖ ሊትማን መሪነት አክሱምን ያጠናው የጀርመን ጉዞ ጊዜ መስታወቱ በፋብሪካ ተቀብቶ በደረቁ ይመጣ ስለነበር ድንኳኑ ቀርቷል። መስታወቱ ግን አሁንም መስታወት ነው፤ ይከብዳል፣ ይሰበራል።

መስታወቱን የተወው ኦስካር ባርናክ ነው። በቬትስላር በላይትስ የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ የሚሠራው ይህ መካኒክ አስም ስለነበረበት ትልቁን ካሜራ ተሸክሞ ተራራ መውጣት ይቸግረው ነበር። በ1914 አካባቢ የሲኒማ ፊልምን ወርድ ሳይነካ የምስሉን ቁመት እጥፍ አድርጎ በ24 በ36 ሚሊ ሜትር የሚያነሳ ትንሽ ካሜራ ሠራ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አዘገየው። የፋብሪካው ባለቤት ታናሹ ኤርንስት ላይትስ በ1924 እንዲመረት ወሰነ፤ በ1925 ላይካ በሚል ስም በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ለገበያ ቀረበ።

የመጀመሪያው ላይካ ሌንሱ አይነቀልም። ማክስ ቤሬክ የነደፈው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀዳዳው በሰፊው 3.5 ነው (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል)። ፊልሙ ከሥር ክዳኑ በኩል ይገባል። ላይ ያለውን ቁልፍ ሲያዞሩት ፊልሙን አሳልፎ ሹተሩንም በአንድ ጊዜ ይደግናል፤ ስለዚህ አንዱ ምስል በሌላው ላይ አይደረብም። ሌንሱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ለማንሳት ስቦ ማውጣትና ጠምዝዞ መቆለፍ ያስፈልጋል፤ ይህን የዘነጋ ፊልሙ ሲታጠብ የደበዘዘ ምስል ያገኛል። ርቀቱን በዓይን መገመት ወይም ከላይ በሚሰካ መለኪያ ማወቅ የባለቤቱ ፈንታ ነበር። በለውጡ መንገደኛው 36 ፎቶ በኪሱ ይዞ ይወጣል።

ብዙ ባለሙያ ላይካን እንደ መጫወቻ አየው። ይህን አመለካከት ከማንም በላይ የለወጠው በፍራንክፈርት የሚኖረው ፓውል ቮልፍ ነው። በትምህርቱ ሐኪም የሆነው ይህ የአልዛስ ሰው በ1926 በከተማዋ ከተደረገው የፎቶግራፍ ትርኢት አንድ ላይካ በሽልማት አገኘ። የትንሹ ፊልም ችግር ምስሉ ሲጎላ እንደ አሸዋ የሚታየው ቅንጣት ነበር። ቮልፍ ብርሃኑን በብዛት አስገብቶ ፊልሙን ባጭሩ በማጠብ ቅንጣቱን አደቀቀው። በ1934 ልምዱን በመጽሐፍ አሳተመ። በመጋቢት 1944 የቦምብ ድብደባ ፍራንክፈርትን ሲያወድም ቤቱና የመስታወት ኔጋቲቮቹ ተቃጠሉ፤ ሌላ ቦታ የተቀመጡት የላይካ ፊልሞች ግን ተረፉ። ለጉዞ የተሠራው ትንሽነት ለታሪክም ጠቀመ።

ትንሹ ካሜራ ግን አመቺ ባለ ቀለም ፊልም አልነበረውም። ከ1934 እስከ 1935 ዛሬ ፍሮቤኒየስ የሚባለው የፍራንክፈርት ተቋም በአዶልፍ የንሰን መሪነት ደቡብ ኢትዮጵያን ሲያጠና ሠዓሊው አልፍ ባይርለ አብሮ ተጉዟል። ለትንሹ ካሜራ አመቺ የሆኑት የኮዳክና የአግፋ ባለ ቀለም ፊልሞች የወጡት በ1936፣ ጉዞው ካለቀ በኋላ ነው።

የቀረው ጥያቄ የአንድ ሌንስ ጥያቄ ነው። በ1910 ከፍራንክፈርት ጋር የተቀላቀለችውን የፕሮይንገስሃይምን ነባር መንደር ማንሳት የፈለገ ሰው በጠባቡ መንገድ ወደ ኋላ መሸሽ አይችልም፤ ሰፊ የሚያይ የ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያስፈልገዋል። ብዙም ሳይርቅ ከሎርበርግ ኮረብታ ላይ ሆኖ የከተማዋን ረጃጅም ፎቆች አቅርቦ ለማንሳት ደግሞ ከ100 በላይ ይሻል። ላይካ ከ1930 ጀምሮ ሌንስ እንዲቀያየር አደረገ፤ ያን ጊዜ ሸክሙ ተመልሶ መጣ። አንዱ ሲነቀል ሌላው ሲሰካ ጊዜው ያልፋል፣ አቧራም ይገባል።

ለዚህ የመጣው መፍትሔ ዙም ነበር። በ1959 የካሜራ ኩባንያው ፎይክትሌንደር ያቀረበው ዙማር ለ35 ሚሊ ሜትር የፎቶ ካሜራ የመጀመሪያው ዙም ሌንስ ነው። ነዳፊው ፍራንክ ባክ ከ36 እስከ 82 ሚሊ ሜትር ያለውን በአንድ ቱቦ ውስጥ አስገባው፤ ለዚህም 14 ብርጭቆ አስፈለገው። የዙም ፈተናው ይህ ነው፤ ብርጭቆዎቹ ሲንቀሳቀሱ በአንዱ የሌንስ ርዝመት የተቃናው ጉድለት በሌላው ይመለሳል፤ ያን ለማቃናት ብርጭቆ ይጨመራል፤ ብርጭቆ በበዛ ቁጥር ክብደቱና በመካከል የሚንጸባረቀው ብርሃን ይበዛል። ኒኮን በ1963 ያወጣው ከ43 እስከ 86 ሚሊ ሜትር የሆነው ሌንስ ከዙማር በጣም ቢቀልም ቀጥ ያለውን መስመር በማጉበጥ ይታወሳል። ታምሮን በ1992 ከ28 እስከ 200 ሲያደርስ አንድ ሌንስ ለሁሉም ይበቃል የሚለው ሐሳብ በመንገደኞች ዘንድ ተስፋፋ። በረጅሙ ጫፍ ግን ቀዳዳው 5.6 ብቻ ነው፤ ጨለም ባለ ቦታ እጅ ሳይንቀጠቀጥ አያነሳም።

በሌላው መንገድ የሄዱት ዙሙን ትተው ትንሽነቱን ያዙ። ሃይንስ ቫስከ የነደፈው ሮላይ 35 በ1966 ሲወጣ የ40 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበረው፤ ይህም ከምስሉ ሰያፍ ርዝመት፣ ከ43 ሚሊ ሜትር፣ ጋር የሚቀራረብ ነው። በ1974 ከጊሰን ከተማ አጠገብ የተሠራው ሚኖክስ 35 ደግሞ 200 ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። ሁለቱ መንገዶች በሚገባ የተገናኙት በዲጂታል ዘመን ነው። በ2012 የወጣው ሶኒ አርኤክስ100 በኪስ ይገባል፤ በፊልም ሚዛን ከ28 እስከ 100 የሚያህል ዙም አለው፤ ቀዳዳውም በሰፊው ጫፍ እስከ 1.8 ይከፈታል።

ዛሬ ከፍራንክፈርት አውሮፕላን ተሳፍሮ ላሊበላን ሊያይ የሚሄድ ሰው ከርዝመት ይልቅ ብርሃን ያስቀድም። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ብርሃኑ ትንሽ ነው፣ ግድግዳውም ቅርብ ነው፤ እስከ 200 የሚደርሰው ዙም እዚያ የሚረዳው ነገር የለም። ዋልያን ከሩቅ ለማንሳት ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄድ ግን ረጅሙን ዙም ይያዝ፤ ክብደቱንም ይቀበል። ሁለቱንም የሚያይ ሰው፣ ዋልያን ከሩቅ አቅርቦ ማንሳቱን ከተወ፣ ከ28 እስከ 100 የሚያህል፣ በሰፊው ጫፍ ቢያንስ እስከ 2.8 የሚከፈት ካሜራ ይበቃዋል።