የሰንበት ድስት

ጠዋት ጥሬ ሥጋ ጨምረው ወደ ሥራ ይሄዳሉ፤ ማታ ሲመለሱ ሥጋው ለስልሶ፣ መረቁ ወፍሮ ይጠብቅዎታል። አሜሪካኖች «ክሮክ ፖት» የሚሉት የኤሌክትሪክ ድስት ሥራው ይኸው ነው። ዛሬ የሥራ ቀን ዕቃ ነው። የተፀነሰው ግን ሥራ ከማይሠራበት ቀን ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም፣ በሊቱዌኒያዋ ከተማ በቪልና ነው። ዓርብ ከቀትር በኋላ አንዲት አይሁዳዊት ልጅ እናቷ ያሰናዳችውን ድስት ታቅፋ ወደ ዳቦ ቤት ትሄዳለች። ድስቱ ውስጥ የበሬ ሥጋ፣ ቦሎቄ፣ ድንችና ገብስ አለ። ዳቦው ወጥቶ እሳቱ ቢጠፋም ምድጃው ገና ትኩስ ነው። የሰፈሩ ድስት እዚያ ገብቶ ያድራል። ኦሪት በሰንበት እሳት ማንደድን ስለምትከለክል፣ ምግቡ ማንም ሳይነካው በቀረው ሙቀት ይበስላል። ስሙ «ቾለንት» ነው።

የኛዎቹ ቤተ እስራኤል ይህንኑ ሕግ የፈጸሙት በሌላ መንገድ ነበር፤ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን አጥፍተው፣ ቅዳሜ የቀዘቀዘ ምግብ ይበሉ ነበር።

ለእንዲህ ያለው ድስት የሚስማማው ርካሹ ሥጋ ነው። ብዙ የሚሠሩት ወርችና እግር ጅማት ይበዛባቸዋል፤ በኃይለኛ እሳት ቶሎ ከበሰሉ ጥርስ ያስቸግራሉ። ከፈላ ውሃ ባነሰ ሙቀት ለረጅም ሰዓት ሲቆዩ ግን በጅማቱ ውስጥ ያለው ኮላጅን ወደ ጄላቲን ይለወጣል። ያን ጊዜ ሥጋው ይፈታል፤ ጄላቲኑም መረቁን ያወፍረዋል። እሳት በኃይሉ የማይችለውን ጊዜ ይሠራዋል ማለት ነው።

ልጅቱ አድጋ አሜሪካ ገባች። በ1902 እ.ኤ.አ. የተወለደው ልጇ ኧርቪንግ ናኩምሶን፣ ኋላ ስሙን ናክሰን ያለው፣ መሐንዲስ ሆነ። ከእናቱ የሰማውን የዳቦ ቤት ወግ አስታውሶ፣ ድስትን ዙሪያውን በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ዕቃ ሠራ። በ1936 አመለከተ፤ በጥር 1940 የፈጠራ መብቱ ተሰጠው።

ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ በሰኔ 1941፣ የናዚ ጦር ቪልናን ያዘ። እስከ 1944 ድረስ ከከተማዋ አይሁድ አብዛኞቹ ተገደሉ። ዓርብ ዓርብ ድስት የሚያደርሱ ልጆችም፣ ድስቱን የሚጠብቁ ቤቶችም አለቁ። የምድጃው ብልሃት ግን ባሕር ተሻግሮ ቆይቶ ነበር።

የናክሰንን ሥራ ሪቫል የተባለው ኩባንያ በ1970 ገዛው። በዓመቱ ዕቃውን አሻሽሎ፣ «ክሮክ ፖት» የሚል ስም ሰጥቶ ቺካጎ ላይ ለገበያ አቀረበው። ጊዜው ብዙ አሜሪካውያት ከቤት ውጭ ሥራ የያዙበት ነበርና ማስታወቂያውም ያተኮረው በነሱ ላይ ነበር፦ እርስዎ ሲሠሩ ድስቱ ያበስላል።

ማታ ደክማ ለምትገባ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የቪልናው ድስት ሌሊቱን የሚያድረው እናቲቱ በማግሥቱ እንድታርፍ ነበር፤ የቺካጎው ቀኑን የሚውለው እሷ ሌላ ሥራ ላይ እንድትውል ነው። ድስቱ ተሸጠ፤ ሰንበቱ ግን አብሮ አልተሸጠም።