ባሕርና ባሕሪ፦ የካርቱም ሰፈሮች የውሃ ጥያቄ

በካርቱም ዐረብኛ «ባሕር» ወንዝንም ይጠራል፤ ከጥቁር ዓባይ ማዶ ያለችው ሰሜን ካርቱምም «ባሕሪ» ትባላለች። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ የባሕሪ ውሃ ማጣሪያ ቆመ፤ ነዋሪውም ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውሃ ተጠማ። በ2018ቱ ሕዝባዊ ዐመፅ የገነኑት የሰፈር «የተቃውሞ ኮሚቴዎች» አባላት ያን ጊዜ «የአደጋ ጊዜ ክፍሎችን» አቋቋሙ፤ ምግብ አበሰሉ፣ ውሃ አደሉ፣ የጉድጓድ ፓምፕ አስጠገኑ። «ተቃውሞ» የሚለው ቃል በ«አደጋ» መተካቱ (ለቋንቋ አጥኚ ይህ ቀላል ነገር አይደለም) ሥራቸውን ምጽዋት ያስመስለዋል። በእኔ እይታ ግን የንጹሕ ውሃ ጥያቄያቸው ያው የቀድሞው የመብት ጥያቄ ነው። በ2025 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው፤ በዚያው ዓመት የድሮን ጥቃት ኤሌክትሪኩን ሲያቋርጥ ፓምፖቹ ቆሙ፣ ኮሌራም በካርቱም ተዛመተ።