መሬት አይሸጥም እንላለን፤ ታዲያ ዋጋው ከየት መጣ?

ትንሽ ስለሚረዝም ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሰሞን አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ አባቴ አስፋልቱ ዳር ያለውን ማሳ ሊሸጥ ነው። ገዢው ወረቀቱን የኪራይ ውል አስመስሎ አጽፎታል። ምን ልበለው?» አለኝ። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። የማውቀውን ታሪክ ነገርኩት፤ ለእናንተም ይኸው።

ብዙ ሰው «በድሮ ጊዜ መሬት አይሸጥም ነበር» ይላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በጎንደር ዘመን መሬት ይሸጥ ነበር። እንደ ቁስቋም ባሉ አድባራት የብራና መጻሕፍት ባዶ ቦታ ላይ የሽያጭ ውል ተጽፎ እናገኛለን፤ ሻጩ፣ ገዢው፣ ምስክሮቹ፣ ዋጋውም በወቄት ወርቅ። የገጠሩ ርስት ግን ሌላ ነው። ርስት የአንድ ሰው ሳይሆን የዘር ነው። ከአቅኚው አባት የሚወለድ ሁሉ «ድርሻዬን» ብሎ መሟገት ይችላል። ነገ የትኛው የአጎት ልጅ እንደሚከስ ካላወቅክ ደግሞ ሙሉ ዋጋ ትከፍላለህ? አትከፍልም። አንደኛው ትምህርት ይኼ ነው፤ ሰው የሚከፍለው ለአፈሩ ብቻ ሳይሆን ለዋስትናውም ነው።

በደቡቡ ክፍል ደግሞ ከአፄ ምኒልክ ዘመቻ በኋላ መሬቱ በቀላድ እየተለካ ለወታደሩ፣ ለባላባቱና ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። የነባሩ ገበሬ እጣ ገባርነት፣ ኋላም ጭሰኝነት ሆነ። በጋሻ የተለካ መሬት ለሽያጭ ይመቻል። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ለይቶ በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር ጣለ። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው። መሬቱ የተመዘገበበት ደረጃ ለባለቤቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ቀጥሎ አርሲ እንሂድ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት (ካዱ) ተጀመረ። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ መንገድ መጣ፤ ምርትም ጨመረ። ታዲያ ማን ተጠቀመ? መሬቱ ሲወደድ የኪራይ ዋጋም አብሮ ወጣ። ባለመሬቱም «ከጭሰኛ ትራክተር ይሻለኛል» ብሎ ብዙ ጭሰኛ አፈናቀለ። ሁለተኛው ትምህርት፤ መሬት ሲወደድ የሚጠቀመው ሁልጊዜ አራሹ አይደለም። ተማሪዎች በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በከንቱ አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፤ መሸጥ፣ ማከራየት፣ በዋስትና ማስያዝ ተከለከለ፤ ለአንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር በላይ አይሰጥም ተባለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የሽያጩን ክልከላ አጸና። ኋላ የወጡት ሕጎች ግን በገደብ ማከራየትንና ማውረስን ፈቅደዋል።

ታዲያ ዋጋው ጠፋ? አልጠፋም፤ ተደበቀ እንጂ። አስፋልት ሲያልፍ፣ መብራት ሲገባ፣ መስኖ ሲቆፈር፣ ከተማው ሲጠጋ የመሬቱ ዋጋ ይወጣል። ግን በድብቅ ስለሚሸጥ ገዢው ስጋቱን ቆርጦ ነው የሚከፍለው፤ ልክ እንደ ጥንቱ ርስት። ሻጩም የመሬቱን እውነተኛ ዋጋ አያገኝም። ነገ መንግሥት ቦታውን ለልማት ሲወስደው ካሳው የማን ነው? ደብተሩ በገበሬው ስም፣ ማሳው በገዢው እጅ። ጠብ ነው፣ ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤት ደግሞ የመሬት ሽያጭ ውልን አያጸናም።

ስለዚህ ተማሪዬን እንዲህ አልኩት፦ «አባትህ ገንዘብ ከቸገረው ለተወሰነ ዓመት በእውነት ያከራይ። ውሉ መሬት አስተዳደር ይመዝገብ። የይዞታ ደብተሩ ላይ እናትህም አሉበት፤ ሳይስማሙ አንድም ነገር እንዳይፈረም።»

ትናንት መልሶ ደወለ። አባቱ እስካሁን አልፈረሙም፤ እናቱ ደብተሩን ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። 😊

እናንተ አካባቢ የመሬት ዋጋን ያስወደደው ምንድን ነው? ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ ጻፉልኝ፤ ለክፍል ውስጥ ትምህርትም ይጠቅመኛል።