አንዱ ባንክ ሁለት የሆነበት ዘመን ዜና

ዳግማዊ ምኒልክ በነገሡ በ17ኛው ዓመት፣ በየካቲት 1898 ዓ.ም.፣ የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ተከፈተ። ለ50 ዓመት በውል ለግብጽ ብሔራዊ ባንክ የተሰጠ ነበርና አዛዦቹ የባሕር ማዶ ሰዎች ነበሩ። ውሉ ግን ዘመኑን አልፈጸመም። በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ካሣ ከፍለው አፈረሱትና የኢትዮጵያን ባንክ አቆሙ። ይህንንም ጣልያን ገብቶ ዘጋው።

ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ከተመለሱም በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በአዋጅ ተቋቁሞ በሚያዝያ 1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ የባንኩ ገዥ አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ነበር። የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር የለመደው ባላገር ወረቀት አላምን ስላለ 50 ሳንቲሙ ከብር ተቀረጸ። 25 ሳንቲሙ ግን መዳብ ሆኖ መጠኑ ከ50ው ጋር የሚቀራረብ ነበር። ብልጣ ብልጦችም መዳቡን ብር እየቀቡ በእጥፍ ዋጋ አሳለፉት። ስለዚህ ያ ሳንቲም ተሰብስቦ፣ ጠርዙ ሽንሽን የሆነ ሌላ 25 ሳንቲም በምትኩ ወጣ።

ባንኩም በአንድ ቤት ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር። ገንዘብ ያወጣል፣ የውጭ ምንዛሪ ይይዛል፣ የመንግሥትን ሒሳብ ይጠብቃል፤ ወዲያውም ከነጋዴ ተቀማጭ ይቀበላል፣ ለነጋዴም ያበድራል። ሌላ ባንክ ቢነሣ ተቆጣጣሪውም ተፎካካሪውም እርሱው ሊሆን ነው። ታዲያ አቤት የሚባለው ለማን ነው?

በ1955 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 206 ወጥቶ ይህን ለየ። ከታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብ ማውጣትና ባንኮችን መቆጣጠር ለብሔራዊ ባንክ ሆነ፤ አቶ ምናሴ ለማም ገዥ ሆኑ። ማበደርና ማስቀመጥ ለንግድ ባንክ ተሰጠ፤ ካፒታሉም 20 ሚሊዮን ብር ነበር። የግል ባንክ ቢቋቋም ከ51 በመቶ የማያንሰው ድርሻ የኢትዮጵያውያን እንዲሆን ታዘዘ፤ በአዲስ አበባ ባንክም የእንግሊዙ ግሪንድሌይስ 40 በመቶ ያዘ።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ የግል ባንኮችን ሁሉ ወረሰ። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተፈቀደ፤ ከዚያም አዋሽ ባንክ በ486 መሥራቾችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ተመሠረተ።

በ2003 ዓ.ም. ግን ብሔራዊ ባንክ፣ የግል ባንኮች ካበደሩት ገንዘብ 27 በመቶ የሚያህል የእርሱን ሰነድ እንዲገዙ አዘዘ። ተቆጣጣሪው ከሚቆጣጠራቸው ተበዳሪ ሆነ ማለት ነው፤ የ1955ቱ አዋጅ የለየውን ይህ መመሪያ መልሶ አደባለቀው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ትእዛዙ የተነሣው በ2012 ዓ.ም. ነው።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ሲፈቅድ በአገር ውስጥ ባንክ የውጭ ሰዎች ድርሻ በጠቅላላው ከ49 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ከ62 ዓመት በኋላ የ1955ቱ 51 በመቶ ተመለሰ። ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት በሚሰጠው ብድር ላይም አዲስ ገደብ ተጣለ።