ከጆሮ ወደ ኮድ፦ የውጫሌ መንገድ፣ ያገለገሉ ኤክስካቫተሮችና የሁለት ምስክሮች ጥያቄ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ያገለገለ ኤክስካቫተር «ሞተሩ ታሟል» ሲባል የታመመው ሞተሩ ነው ወይስ ስለ ሞተሩ የሚናገረው ሴንሰር? ጥያቄው የመካኒክ ብቻ አይደለም። ሁለት ምስክሮች ሲለያዩ የትኛውን እንቀበል የሚለው የታሪክ ጸሐፊም የዘወትር ጥያቄ ነው።

ውጫሌ ይህን ጥያቄ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአቅራቢያዋ በይስማ ንጉሥ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያው ወኪል በአንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ውል በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክን ለንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሲተወው፣ ኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። አንዱን ቅጂ ብቻ ላነበበ ሰው ውሉ እንከን አልነበረውም፤ ጉድለቱ የተገለጠው ሁለቱ ሲነጻጸሩ ነው። መዘዙም እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እስከ ዐድዋ ደረሰ።

አሁን ወደ መንገዱ ልመለስ። በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው፣ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር ያለው የእንፋሎት መዳመጫ ወደ አገራችን ከገቡት ቀደምት የመንገድ ሥራ መሣሪያዎች አንዱ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጣልያኖች ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚዘልቀውን፣ ውጫሌንም የሚያቋርጠውን የመኪና መንገድ ሠሩ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ለመንገድ ሥራ በብድር ተገኘ። ዶዘርና ግሬደርም ከኦፕሬተሩና ከመካኒኩ ጋር የአገሩ ሰው ሆኑ።

ይህን ታሪክ ከሰነድ ይልቅ በጋራዥ ቋንቋ ውስጥ ማንበብ ይቀላል። ጋራዥና ሾፌር ከፈረንሳይኛ መጡ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፖምፓና ካቻቢቴ የጣልያንኛ ቅርስ ናቸው። ሴንሰር፣ ኮድና ሶፍትዌር ደግሞ እንግሊዝኛ ናቸው። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ከፊተኞቹ የሚለያቸው ቋንቋቸው ብቻ አይደለም። ካቻቢቴ በእጅ ይያዛል፤ ፖምፓ ተፈትቶ ይታያል፤ ኮድ ግን የሚነበብ ጽሑፍ ነው።

የቀድሞው የናፍጣ ሞተር ሕመሙን በጭሱና በድምፁ ይናገር ነበር። ጥቁር ጭስ የአየር ማነስን ወይም የነዳጅ መብዛትን፣ ሰማያዊው የዘይት መቃጠልን፣ ነጩ ያልተቃጠለ ነዳጅን ወይም ውኃን ያመለክታል። ነባሩ መካኒክ ይህን በዓይኑና በጆሮው ተምሯል። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን አሜሪካ ለመንገድ ላልሆኑ የናፍጣ ሞተሮች የጭስ ገደብ አወጣች፤ ገደቡም ደረጃ በደረጃ ጠበቀ። ነዳጅን በትክክለኛው ቅጽበትና መጠን ለመርጨት ኮምፒዩተር፣ ለኮምፒዩተሩም ሴንሰሮች አስፈለጉ። እነዚያ መሣሪያዎች ናቸው አርጅተው፣ ባለቤት ቀያይረው፣ ዛሬ በእኛ የድንጋይ መፍጫዎች አጠገብ የቆሙት።

ብዙ አምራቾች የሚጠቀሙበት ጄ1939 የተባለ የጋራ ደንብ አለ። በዚህ ደንብ እያንዳንዱ ብልሽት ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ የመጀመሪያው ጉዳዩን፣ ሁለተኛው የጉድለቱን ዓይነት ይገልጣል። 100 የሞተር ዘይት ግፊት፣ 110 የማቀዝቀዣ ውኃ ሙቀት ነው። ከ100 በኋላ 1 ከመጣ፣ ሴንሰሩ በጤናማ የኤሌክትሪክ ቋንቋ «ግፊቱ ወርዷል» ብሏል። 3 ወይም 4 ከመጣ ግን ኮምፒዩተሩ ስለ ግፊቱ ምንም አላወቀም፤ ያየው ከልክ ያለፈ ወይም ያነሰ ቮልት ነው። ብዙ ንብረት የሚጠፋው ይህ ሁለተኛ ቁጥር ሳይነበብ ሲቀር ነው።

አንድ የወጣቶች ማኅበር በብድር ኤክስካቫተር ገዛ እንበል። መብራቱ በርቶ የዘይት ግፊት ኮድ ታየ። አንዱ መካኒክ ሞተሩ ይፈታ ይላል፤ ሌላው «ሴንሰሩ ነው የሚዋሸው» ብሎ ሥራው እንዲቀጥል ያዝዛል። የመጀመሪያው ከተሳሳተ ማኅበሩ ባላስፈላጊ ወጪ ይጎዳል፤ ሁለተኛው ከተሳሳተ ሞተሩ በሰዓታት ውስጥ ይነክሳል። ፍርዱ በግምት መሰጠት የለበትም። ሜካኒካል ጌጅ በዘይቱ መሥመር ላይ ገጥሞ ማንበብ ሁለተኛውን ምስክር መጥራት ነው። ጌጁና ሴንሰሩ ከተስማሙ ሕመሙ የሞተሩ ነው፤ ከተለያዩ ምርመራው ወደ ሽቦው ይዞራል።

ሽቦውም ሥርዓት አለው። ብዙዎቹ የግፊት ሴንሰሮች 5 ቮልት ተቀብለው፣ በደህና ጊዜ ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት ባለው ክልል ይመልሳሉ። 5 ቮልቱን በርካታ ሴንሰሮች ከተጋሩት፣ የአንዱ ሾርት ሌሎቹንም ያስወነጅላል፤ ስለዚህ ብዙ ኮዶች ባንድ ጊዜ ሲመጡ አንድ የጋራ ምክንያት መፈለግ ይገባል። በሁለት ሽቦ የሚሠራው የውኃ ሙቀት ሴንሰር 4 ቁጥር ካሳየ ሶኬቱ ይነቀል። ኮዱ ወደ 3 ከተለወጠ ሽቦውና ኮምፒዩተሩ ለውጡን ሰምተዋልና ተጠርጣሪው ሴንሰሩ ነው፤ ካልተለወጠ የተላጠ ሽቦ ይፈለግ።

የአገራችን ከፍታም የራሱ ምስክርነት አለው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የቱርቦ ግፊት ሴንሰር በፍጹም ልኬት የሚያሳየው የአካባቢውን አየር ግፊት ነው። በባሕር ጠረፍ ይህ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ ወደ 75 ይወርዳል። በጠረፍ አገር የተጻፈውን መመሪያ ብቻ የያዘ ባለሙያ ደሴ ላይ ጤናማ ሴንሰር ሊጥል ይችላል። ማሽኑ እውነት ተናግሯል፤ የአንባቢው መለኪያ ግን የሌላ አገር ነው።

ያገለገለ ማሽን ደግሞ የተፋቀ ታሪክ ሊኖረው ይችላል። ኮዱ በሽያጭ ዋዜማ ይሰረዛል፤ የመብራቱ አምፖል ይነቀላል፤ በሴንሰር ፋንታ ቋሚ ሬዚስተር ተገጥሞ ሙቀቱ ሁልጊዜ ደህና እንዲመስል ይደረጋል። ስለዚህ ገዢው ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ ይጠይቀው። ሌሊቱን የቆመ ማሽን የውኃ ሙቀቱ ከጠዋቱ አየር እጅግ ከራቀ ሰነዱ ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። ቁልፉ ሲከፈት ለአፍታ የማይበራ ማስጠንቀቂያም ዝምታው የጤና ምልክት አይደለም።

ከዚህ ለፋኩልቲያችን ሁለት ሥራ ይወጣል ብዬ አምናለሁ። አንደኛው፣ ነባር መካኒኮች በጆሯቸው የያዙት እውቀት ከእነርሱ ጋር ሳያልፍ እንዲመዘገብ ነው፤ ኮድ አንባቢው ትውልድ ያለ እነርሱ ሁለተኛ ምስክር የለውም። ሁለተኛው፣ ጋራዦቻችን የታየውን ኮድ፣ የተለካውን ቮልት፣ የተለወጠውን ዕቃና ውጤቱን በቀን መዝግበው እንዲይዙ ነው። ያ መዝገብ ለዛሬው ባለቤት ገንዘብ፣ ለነገው የታሪክ ተማሪ ደግሞ ምንጭ ይሆናል።

የውጫሌ ውል አማርኛውን ብቻ ለሚያነብ አንድ ነገር፣ ኢጣልያንኛውን ብቻ ለሚያነብ ሌላ ነገር ነበር። በመንገዳችን ዳር የቆመውን ማሽን ግን ሁለቱንም ቋንቋ የሚያነቡ ልጆች ልናፈራለት እንችላለን።